ነጥቡን ቁጠር

ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ አክስቴ ግቢ ያየሁትን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ከዚያ ስለ ሞኝነቴ እናወራለን።

ዝናቡ ሌሊቱን ሲደበድብ አድሮ ጠዋት ላይ ፀሐይ ወጣች። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠዋት ለቢራቢሮ ሠርግ ነው። አጥሩ ስር ከበቀለው አደይ ላይ አንዲት ብርቱካናማ ቢራቢሮ አርፋ ትቀስማለች። ከላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ቢራቢሮ መጣ። ጥቁር ስላችሁ ዝም ብሎ ጥቁር አይደለም፤ ክንፎቹ ላይ ጨረቃ የመሰለ ትልልቅ ነጭ ክብ አለው፣ የክቡ ጠርዝ ደግሞ ፀሐይ በጎን ስትመታው ወይን ጠጅ ሆኖ ያበራል። ልክ አዲስ ባጃጅ ላይ እንደሚለጠፍ ጌጥ። ዞራት፣ አባረራት፣ እሷም ሸሸች፣ ትንሽ ቆይተው ሁለቱም አጥሩ ላይ አረፉ። ጠጋ ብዬ ሳይ ጭራና ጭራቸው ተያይዟል።

በቃ፣ ስልኬን አወጣሁ።

ብርቱካናማዋን አውቃታለሁ ብዬ ነበር። ዳናውስ ክሪሲፐስ ትባላለች፣ ጅማ ውስጥ በየሜዳው አለች፣ የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ በጥቁሩ ላይ ነጭ መቀነት አላት። ጥቁሩ ግን ሌላ ነው። ታዲያ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሲዳቀሉ በዓይኔ በብረቱ አየሁ ማለት አይደል? ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ለጠፍኩና ከስሩ «በጅማ ያልተለመደ ክስተት፣ ሁለት ዝርያዎች ተዳቀሉ» ብዬ ጻፍኩ። ልቡም እሳቱም ጎረፈ። አንዱ «ጅማ ምን የማይበቅል አለ» አለኝ። እኔም እንደ አንድ ትልቅ ተመራማሪ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። ሥራዬ እኮ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው፣ የቢራቢሮ ነገር ከሥራ ስወጣ የያዘኝ አባዜ ነው።

አመሻሽ ላይ ቲቸር መጡ። ቲቸር የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አሁንም ሱቅ ሲሄዱ ሳይቀር ኮት የሚለብሱ ሰው። ስልኬን ተቀብለው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ፎቶውን ዓይናቸው ስር አስጠጉት።

«ድቅል ነው ያልከው ይሄን ነው?»

«አዎ ቲቸር፣ አዩት አይደል?»

«ባልና ሚስት ናቸው እኮ።»

«ማለት?»

«ማለትማ አንድ ዝርያ። እሱ ወንዱ፣ እሷ ሴቷ። አንተ ባልና ሚስት ይዘህ ነው ጉድ ተፈጠረ ብለህ አገር የጠራኸው።» ሳቃቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። አክስቴም ቡና እየቀዳች አብራ ሳቀች፣ ምኑ እንደሆነ ሳታውቅ።

እኔ አልተዋጠልኝም። ብርቱካናማዋን ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶ አንስቻታለሁ። ተከራከርኩ። ቲቸር መልስ አልሰጡኝም፤ ፎቶውን በሁለት ጣታቸው ለጥጠው አሰፉት፣ የሴቷን የኋላ ክንፍ ብቻ ስክሪኑ ላይ አስቀሩና «ነጥቡን ቁጠር» አሉኝ።

ቆጠርኩ። አንድ። የኋላ ክንፉ የላይኛው ዳር ላይ፣ ከፊት ክንፉ ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ አንድ ጥቁር ነጥብ። ሌላው ሜዳው ባዶ ብርቱካን ነው።

«አሁን የራስህን ፎቶ አምጣ፣ እርግጠኛ የሆንክበትን።»

ቦዬ ረግረግ አካባቢ ያነሳሁትን አወጣሁ። ክንፏን ዘርግታ በግልጽ ትታያለች። የኋላ ክንፏ መሃል ላይ፣ ተጠጋግተው፣ ሦስት ጥቁር ነጥቦች። ቁልጭ ብለው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ፊቴ ነበሩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ከማፈሬ ይልቅ መደነቄ በለጠ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሳያቸው ልዩነቱ እየበዛ ሄደ። መርዛማዋ (ዳናውስን እንዲህ ነው የምጠራት፣ ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ) የኋላ ክንፏ ጠርዝ ለስለስ ብሎ የሚዞር ነው። አስመሳይዋ፣ የአክስቴ ግቢዋ ማለቴ ነው፣ ጠርዟ ሞገድ ሞገድ ይላል፣ በጥርስ እንደተነከሰ ዳቦ። ግን በዚህ አትመኑ፣ ክንፍ ያረጃል፣ ይቀደዳል። ነጥቡ ግን አይዋሽም። ሌላም አለ፤ የመርዛማዋ ዝርያ ወንድ ከሆነ ከሦስቱ ነጥቦች ጋር አራተኛ ታያላችሁ፣ ወፈር ያለ፣ መሃሉ ነጣ ያለ። እሱ ነጥብ ብቻ አይደለም፣ የሽታ ኪስ ነው። ሴት የሚያማልልበት ሽቶው እዚያ ነው ያለው። ስለዚህ ሦስት ከሆነ ሴት፣ አራት ከሆነ ወንድ፣ አንድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ናት። የሌላዋ ስም ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ነው። ዳናውስ ክሪሲፐስን እ.ኤ.አ. በ1758፣ ሚሲፐስን ደግሞ በ1764 የሰየማቸው ያው ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው።

ለምን ታስመስላለች? ዳናውስ አባጨጓሬ ሆና የምትበላው ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሱትን ተክሎች ነው። ቆላ የሄደ ሰው ጦቢያውን ያውቃል፤ እሱ ከነዚህ አንዱ ነው። ወተቱ ውስጥ የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ አለ። አባጨጓሬዋ መርዙን ሰውነቷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ክንፍ ካወጣችም በኋላ አብሯት ይኖራል። አንድ ጀማሪ ወፍ አንዴ ይሞክራታል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ብርቱካናማ ነገር ባየ ቁጥር አንገቱን ያዞራል። ለዚህ ነው ዳናውስ ስትበር የማትቸኩለው። ጅማ መርካቶ ውስጥ ዕቃ ሳትገዛ እንደምትንሸራሸር እመቤት ናት። ሚሲፐስ ግን መርዝ የላትም። የመርዛማዋን ልብስ ለብሳ በሌላ ሰው ስም ትኖራለች።

ይሄን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያስረዳው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። አማዞን ጫካ ውስጥ 11 ዓመት ቢራቢሮ ሲለቅም ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1862 ጽፎ አወጣው። የሚጣፍጠው የማይጣፍጠውን መስሎ ይድናል ነው ነገሩ። ቲቸር ይሄን ሲነግሩኝ እጃቸው አየር ላይ ሰሌዳ የሚፈልግ ይመስል ነበር። እኔን ግን የነካኝ ሌላ ነው። የምታስመስለው ሴቷ ብቻ ናት። ወንዱ ያንን ጥቁርና ነጭ ሱፉን ለብሶ፣ ማንንም ሳይመስል፣ ጨረቃውን እያሳየ ይዞራል። እንቁላል ተሸክማ ከቅጠል ቅጠል ቀስ እያለች የምትዞረው እሷ ናት፣ ወፍ የሚያገኛትም ያኔ ነው። አክስቴ ይሄን ስትሰማ «ታዲያስ፣ መከራው የሴት ነው» አለችና ሁለተኛውን ጀበና ጣደች።

የዚያን ሌሊት አልተኛሁም። ስልኬ ውስጥ «ዳናውስ» የሚል ፎልደር አለኝ፣ እሱን ከፍቼ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት። አራት። ሦስት። አይታይም። ሦስት። አንድ! ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ አሰፋሁት፣ አዎ አንድ ነው። ከስልሳ ምናምን ፎቶ ውስጥ አሥራ አንዱ አስመሳይዋ ናት። አንዷን እንዲያውም አሳትሜ፣ ላሚኔት አድርጌ ሱቄ ውስጥ ለጥፌያታለሁ፣ ከስሯ በትልቁ «ዳናውስ ክሪሲፐስ» ተብሎ ተጽፏል። ስንት የባዮሎጂ ተማሪ አሳይመንት ሊያስጠርዝ መጥቶ አይቷት ሄዷል! አንድም ሰው ተሳስተሃል አላለኝም። ፎቶ አይቶ ስም የሚናገር አፕም አለኝ፣ እሱንም ጠየቅኩት፤ ያለምንም ማመንታት «ዳናውስ» አለኝ። ፎቶዬ ላይ የኋላ ክንፏ በግማሽ ተሸፍኖ ነበርና አልፈርድበትም፣ እሱም እንደኔ ቀለሙን ነው ያየው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ቢራቢሮ ስናይ ዓይናችን የሚሄደው ለመታየት ወደተሠራው ቦታ ነው። ብርቱካኑ፣ ጥቁሩ ጫፍ፣ ነጩ መቀነት፣ እነዚህ ለወፍ የተጻፉ ማስታወቂያዎች ናቸው፤ አስመሳይዋም የኮረጀችው እነሱኑ ነው። ወፉ የማያነበውን ትንሹን ነገር ግን አልኮረጀችውም። ስለዚህ መታወቂያዋ ያለው ቆንጆው ቦታ ላይ አይደለም፣ ማንም የማያየው ጥግ ላይ ነው።

ቀለሙ እንደማይታመን የገባኝ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሰቃ መንገድ ላይ አንዲት ዳናውስ አገኘሁ፣ ጥቁር ጫፍም ነጭ መቀነትም የላትም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርቱካን። ሌላ ዝርያ ነው ብዬ ልጮህ ስል ራሴን ያዝኩና ቆጠርኩ። ሦስት! ያቺው ናት። ለካ ዳናውስ ክሪሲፐስ ብዙ መልክ አላት፤ ጫፏ ጥቁር የሆነው አለ፣ ጥቁር የሌለው ዶሪፐስ የሚባለው አለ፣ የኋላ ክንፉ የነጣውም አለ። ምሥራቅ አፍሪካ እነዚህ መልኮች የሚገናኙበት ቦታ ነው። የሚገርመው፣ ሚሲፐስም ጥቁር ጫፍ የሌላት መልክ አላት! የመርዛማዋ ልብስ ሲቀየር የአስመሳይዋም ተቀይሯል። ነጥቡ ግን እዚያም አንድ ነው።

በነገራችን ላይ ይቺ ዳናውስ የቆየች እንግዳ ናት። ግብፅ ውስጥ ኔባሙን የሚባል የጥንት ሰው መቃብር ላይ የተሳለ፣ አሁን ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለ ሥዕል አለ፤ ሰውየው በጀልባ ሆኖ ረግረግ ውስጥ ወፍ ሲያድን። በወፎቹ መሃል ቢራቢሮዎች ይበራሉ፣ እሷ ናት። ከ3,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ሳገኘው መጀመሪያ ያደረግሁት ምን እንደሆነ ገምቱ። ሠዓሊው ነጥብ ስሎላት ከሆነ ልቆጥር አሰፋሁት። እንዲህ ነው አባዜ።

ከዚህ የባሰ ራስ ምታት አለ። ልምጭን የማያውቅ የለም፣ ለመፋቂያ የምንቆርጠው፣ ቅጠሉ ሲታሽ አፍንጫ የሚበሳ። ልምጭ የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ነው፤ ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የምትባለው ትልቅ ቢራቢሮ እንቁላሏን ከምትጥልባቸው ተክሎች አንዱ እሱ ነው። ወንዱ ገረጣ ያለ ቢጫ ነው፣ ጠርዙ ጥቁር፣ ከኋላ ክንፉ ደግሞ ሁለት ጭራ ይወርዳል። ሌላው አፍሪካ ብትሄዱ ሴቷ ወንዱን አትመስልም፤ ጭራ የላትም፣ አንዷ አንዱን መርዛማ ቢራቢሮ ትመስላለች፣ ሌላዋ ሌላውን። አንድ ባል፣ ብዙ ዓይነት ሚስት ማለት ነው። ሮላንድ ትራይመን የሚባል ደቡብ አፍሪካ የኖረ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1869 «እነዚህ ሁሉ ሴቶች የዚህ የአንዱ ወንድ ናቸው» ብሎ ሲጽፍ የተሳለቁበት ነበሩ። እኔ ግን አክስቴ ግቢ ከሆነው በኋላ አልስቅበትም።

የኛ አገሯ ዳርዳኑስ ግን ሌላ ጉድ ናት። አንቲኖሪ ይሏታል። ስሙ የኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው፣ በ1876 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋ የመጣው ጣሊያናዊ፣ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ኖሮ እዚያው በ1882 ያረፈው። የአንቲኖሪ ሴቶች አብዛኞቹ ቁርጥ ወንዱን ነው የሚመስሉት፣ ቢጫ ናቸው፣ ጭራም አላቸው። ጥቂቶቹ ደግሞ የመርዛማ ቢራቢሮ ልብስ ይለብሳሉ፣ ጭራቸውን ግን አይጥሉም። ልብሱን ቀይራ ጫማውን የረሳች ሌባ በሉት። መርዛማዎቹ ጭራ የላቸውም፣ ስለዚህ ለሚያይ ሰው ምስጢሯ ከኋላዋ ተንጠልጥሏል። ወፍ አያይም መሰለኝ።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ እኔ ወድቄበታለሁ። በለጤ ጫካ ጫፍ ላይ ጭራ የሌላት ቢጫ ዳርዳኑስ አየሁና ደስታዬ ወሰን አጣ፣ ቲቸር ጋ ሮጥኩ። ቲቸር ፎቶውን አዩና የኋላ ክንፎቹን ጠርዝ አሳዩኝ፤ ሁለቱም ላይ እኩል ቦታ፣ እኩል ቅርጽ፣ ስል ተደርጎ የተቆረጠ። «መንቁር ነው» አሉ። ክንፏን አጥፋ ተቀምጣ ሳለ ወፍ ከኋላ ነክሷት ሁለቱንም ጭራ አንድ ላይ ወስዶታል። ሁለት ክንፍ ላይ ትክክል የሆነ ጉድለት ካያችሁ የወፍ ምሳ ነው እንጂ አዲስ ዝርያ አይደለም።

አሁን ወደ ላቫጆ ልውሰዳችሁ። አትሳቁ። ጅማ ውስጥ ቢራቢሮ ለማየት ከሄድኩባቸው ቦታዎች ሁሉ የምወደው አንድ ላቫጆ ነው። ሚኒባስና ባጃጅ ሲታጠብ ውሃው ወደ ታች ይወርድና ጭቃ ይሠራል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ዳር ዳሩ ይደርቃል፣ መሃሉ እርጥብ ይቀራል። ቢራቢሮዎቹ እዚያ እርጥቡ ላይ ተደርድረው ምላሳቸውን ሰክተው ይጠጣሉ። የሚፈልጉት ጨው ነው፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሰው ቆሞ የሸናበት ካለ ደግሞ ሰልፉ ይረዝማል። የላቫጆው ልጆች መጀመሪያ እብድ መስዬአቸው ነበር፣ አሁን ግን «ብሮ፣ ሰማያዊው መጥቷል» እያሉ ይደውሉልኛል።

ሰማያዊው ስትሏቸው ግን ሁለት ነው። ይሄንን ለመለየት አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ሁለቱም የጁኖኒያ ወገን ናቸው፣ ሁለቱም መሬት ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው መሞቅ ይወዳሉ። ጁኖኒያ ኦኖኔ ጥቁር ናት፣ እያንዳንዱ የኋላ ክንፏ ላይ አንድ ክብ ሰማያዊ ጠብታ አለ፣ እንደ ቁልፍ። ጁኖኒያ ኦሪትያ ደግሞ፣ ወንዱ ማለቴ ነው፣ ሰማያዊው ሞልቶ የኋላ ክንፉን ሸፍኖታል፣ ሰማያዊው ላይ ደግሞ ዓይን የመሰሉ ክቦች አሉበት። ቁልፍ ከሆነ ኦኖኔ፣ ጋቢ ከሆነ ኦሪትያ። ያ የኦኖኔ ሰማያዊ ክብ ያላት ነገር ግን መደቧ ቢጫ የሆነ ካያችሁ ሦስተኛዋ ናት፣ ጁኖኒያ ሂየርታ። እሷ እንኳ አታሳስትም።

ሰማያዊ ካልኩ አንድ ነገር ልጨምር። ሴት አያቴ «ቢራቢሮ አትንካ፣ ዱቄቷ ዓይን ያጠፋል» ይሉኝ ነበር። ዱቄቱ ቅርፊት ነው። ክንፏ ላይ እንደ ቆርቆሮ ተደራርበው የተደረደሩ በጣም ትንንሽ ቅርፊቶች አሉ፣ ምልክቱ ሁሉ የሚሠራው በነሱ ነው። ብርቱካኑና ጥቁሩ ቀለም ነው፤ እንዲህ ያለው የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለም ሳይሆን የቅርፊቱ አሠራር ብርሃንን ሲመልስ የሚፈጥረው ነው። ለዚህ ነው ዘወር ስትሉ የሚጠፋው። አያቴ ዓይን ያጠፋል ያሉት ልክ ባይሆንም አትንካ ማለታቸው ልክ ነበር፤ በነካካናት ቁጥር ዱቄቱ ይረግፋል፣ ከዱቄቱ ጋር ደግሞ የምንለይበት ምልክት አብሮ ይሄዳል።

ቡና ውስጥ ሌላ ፈተና አለ። የአክስቴ ባል ቡናቸው አጋሮ መንገድ ላይ ነው፣ ሰሳና ዋንዛ ያጠላበት። እዚያ ጥላ ውስጥ መሬት ለመሬት የሚዘሉ ቡናማ ቢራቢሮዎች አሉ፣ ቢሲክለስ የሚባሉ። ሙዝ አበስብሳችሁ ጉቶ ላይ ብታስቀምጡላቸው ይመጣሉ። ክንፋቸውን አጥፈው ነው የሚቀመጡት፣ ስለዚህ የምታዩት የታችኛውን ገጽ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ዓይን የመሰሉ ክቦች ተደርድረዋል። ሐምሌ ላይ ያነሳኋቸው ክባቸው ትልልቅና ቢጫ ቀለበት ያለው ነው። ጥር ላይ ያነሳኋቸው ግን ክቡ ነጥብ አክሎ ጠፍቶ የደረቀ ቅጠል መስለዋል። ሁለት ዝርያ ብዬ ሁለት ፎልደር ከፈትኩ። አልሆነም፣ ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው፣ የዝናብና የበጋ ልብስ ነው። ከነሱ ወገን የሆነችው ቢሲክለስ አኒናና በቤተ ሙከራ ብዙ ተጠንታለች፤ አባጨጓሬዋ ስታድግ ያለው ሙቀት ነው የክቡን መጠን የሚወስነው። ስለዚህ ጥቁር ነጥብ ቁጠር ያልኳችሁ እንዳለ ሆኖ፣ ክብ ሲሆን ትልቅ ነው ትንሽ ነው ብላችሁ አትለዩ። በየትኛው ወር እንዳያችሁት ጻፉ። እኔ አሁን ፎልደሮቼን በወር ነው የምሰይመው።

ከዚያ ደግሞ እጅ የሰጠሁባቸው አሉ። ትንንሾቹ ቢጫዎች፣ ዩሬማዎቹ፣ ተውኳቸው። የጥፍር ያህል የሆኑት ሰማያዊዎችም እንደዚያው። ከነሱ ውስጥ በክንፍ ብቻ የማይለዩ አሉ፣ ባለሙያው ራሱ የብልታቸውን ቅርጽ በማይክሮስኮፕ ካላየ ስም አይሰጥም። እኔ ፎቶ ኮፒ ማሽን እንጂ ማይክሮስኮፕ የለኝም። ግን ሰማያዊዎቹን ማየት አላቆምኩም፣ ምክንያቱም አንድ ነገር ይሠራሉ። አርፈው ክንፋቸውን ካጠፉ በኋላ ሁለቱን የኋላ ክንፎች እርስ በርስ ቀስ እያሉ ያፋትጓቸዋል፣ እጁን እያሸ እንደሚያስብ ነጋዴ። ጫፉ ላይ ሁለት ፀጉር የመሰሉ ጭራዎችና ዓይን የመሰለ ነጥብ አለ። ሲፋተግ ጭራዎቹ ልክ እንደ አንቴና ይንቀሳቀሳሉ። ወፉ ጭንቅላት ነው ብሎ ጭራውን ይነክሳል፣ እሷ ቁራጭ ክንፍ ትታለት ትሄዳለች።

ለማንሳት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ሂዱ። ያኔ ሰውነታቸው ስላልሞቀ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አይቸኩሉም። ጥላችሁ እንዳያርፍባቸው፤ ጥላ ከነካቸው አበቃ። ከላይ አንድ፣ ክንፏን ስታጥፍ ከጎን አንድ፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ካለ ግማሽ መታወቂያ ነው። እና እባካችሁ ቆንጆውን ፎቶ ፍለጋ የኋላ ክንፉን አትቁረጡት። እኔ ሁለት ዓመት ለኢንስታግራም ብዬ የቆረጥኩት እሱን ነበር።

ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩትን አላጠፋሁትም። ከስሩ «ይቅርታ፣ ባልና ሚስት ናቸው» ብዬ ጨመርኩበት። ከዋናው የበለጠ ሳቅ ያገኘው እሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሚጡን ይዤ ቦዬ ሄድን። ሦስተኛ ክፍል ናት። እዚያው ረግረጉ ዳር አንዲት ብርቱካናማ አርፋ አገኘን፣ ጫፏ ጥቁር፣ ነጭ መቀነት ያላት። ስልኬን ላወጣ ስል ሚጡ እጄን ያዘችኝና «ቆይ፣ እኔ ልቁጠር» አለች። ሳር ውስጥ በጉልበቷ ሄደች። ትንፋሿን ይዛ፣ ጣቷን ሳታስጠጋ፣ አየር ላይ መቁጠር ጀመረች።

«አንድ… ሁለት…»

ንፋስ መጣና ቢራቢሮዋ ተነሳች። በዝግታ፣ ሳትቸኩል፣ ቄጠማው ላይ ተንሳፍፋ ሄደች።

ሚጡ ዞር ብላ አየችኝ። «ከሁለት በላይ ናት በልና ጻፍ» አለችኝ። ጻፍኩ።